የኮሪዶራስ ሆድ ሲያብጥ፦ እንቁላል ነው ወይስ ውፍረት?

«ደሴ ነው የምኖረው፤ ከኮሪዶራሶቼ አንዷ ሆዷ በጣም አብጧል። እንቁላል ይዛ ነው ወይስ ወፍራ? ምግብ ላቁምባት ወይስ መድኃኒት ልጨምር?» ብለህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ አብሽር። እኔ ኮሪዶራስን፣ ይህችን ትንሽ የገንዳ ዓሣ፣ ኮምቦልቻ እያለሁም፣ ደሴ ከመጣሁ በኋላም አሳድጌያለሁ። መድኃኒቱን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ ከላይ እያት።

ብዙዎቻችን የምናየው በመስታወቱ በኩል፣ ከጎን ነው። ከጎን ሲታዩ የጠገበችውም እንቁላል የያዘችውም ይመሳሰላሉ። ክዳኑን አንሳና ቁልቁል ተመልከት። እንቁላል የያዘችው ግራና ቀኝ ትሰፋለች፤ ስፋቱም ከጭንቅላቷ ጀርባ ጀምሮ እስከ ሆድ ክንፎቿ ይዘልቃል። የምግብ እብጠት ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ፊት፣ ጭንቅላቷ አጠገብ ነው የሚከማቸው። የሆዷ ቆዳ ነጣ ያለ ከሆነ ደግሞ ከውስጥ ሮዝ የሚመስል ቀለም ልታይ ትችላለህ።

ሴት መሆኗንም አረጋግጥ። ሴቷ ከወንዱ ተለቅ፣ ደልደል ያለች ናት። የሆድ ክንፎቿ ሰፋ ያሉና ክብ ናቸው፤ እንቁላሏን የምትይዘው በእነሱ ነው። የወንዱ ቀጠን፣ ሾል ያሉ ናቸው። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፦ ወንድ አብሯት ባይኖርም ሴት እንቁላል ትይዛለች። ስለዚህ «ወንድ የለም፣ እንቁላል ሊሆን አይችልም» አትበል።

ከዚያ ምግብ አቁምና ጠብቅ። ጥጋብ ከሆነ ሆዷ ይጎድላል። እዚህ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ይለያያሉ። ኢንተርኔት ላይ «በአንድ ቀን ይጎድላል» የሚሉህ በሂተር ሞቆ ስለሚውል ውሃ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ መብራት ከጠፋ ውሃው ቶሎ ይቀዘቅዛል። የዓሣ ሰውነት ደግሞ ከውሃው ጋር አብሮ ስለሚቀዘቅዝ ምግብ የሚፈጨው ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ ሁለት ቀን ስጣት። ጤነኛ ኮሪዶራስ ሁለት ቀን ሳትበላ ምንም አትሆንም።

ሁለት ቀን አልፎም ካልጎደለ አብዛኛውን ጊዜ ወይ እንቁላል ነው፣ ወይ ስብ። ስብ ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው፤ ሳምንታት ቢያልፉም ያው ነው። እንቁላል ግን ሆዷን ሞልቶ ይቆይና ከጣለች በኋላ ቅጥን ትላለች። ዳቦ የምትሰጣት ከሆነ ዛሬውኑ ተው። የሚሰምጥ የዓሣ ምግብ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ማታ መብራት ካጠፋህ በኋላ ስጣት።

ጠባያቸውንም ተከታተል። ወንዶቹ ከኋላዋ ካልጠፉ፣ እሷም መስታወቱን በአፏ ማጽዳት ከጀመረች፣ ልትጥል ነው። ደቡብ አሜሪካ ባለው የትውልድ ቦታቸው እንቁላል የሚጥሉት ዝናብ ሲመጣና ውሃው ቀዝቀዝ ሲል ነው። አንተም ከውሃው ሩቡን አውጥተህ ትንሽ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ተካው። ሁለት፣ ሦስት ዲግሪ ይበቃል። በክረምት ጠዋት ከሮቶ የቀዳኸውን ግን እንደወረደ እንዳትደፋው። የጦሳ ተራራን ብርድ አንተም ታውቀዋለህ! በባልዲ አድርገህ ክፍልህ ውስጥ አሳድረው፤ ክሎሪኑም ይወጣለታል።

በሽታ መሆኑን የሚነግርህ ሌላ ነው። ዓይኗ ወደ ውጭ ከወጣ፣ ምግብ ከጠላች፣ ጥግ ይዛ ከተኛች ወደ ሌላ ገንዳ ለያት። የሌሎች ዓሦች ቅርፊት ድሮፕሲ (ሰውነታቸው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ የሚያብጡበት ሕመም) ሲይዛቸው ይቆማል ይባላል፤ ኮሪዶራስ ግን ቅርፊት ሳይሆን ጠንካራ ሳህን መሳይ ልባስ ስላላት ያን ምልክት ብትጠብቅ ላታየው ትችላለህ። አልፎ አልፎ ወደ ላይ ተወርውራ አየር ብትጎርስ ግን አትደንግጥ፤ ተፈጥሮዋ ነው።

አንተ እንደጻፍከው ትበላለች፣ ትንቀሳቀሳለች፣ ሁለት ትናንሽ ኮሪዶራሶችም ይከተሏታል። በእኔ ግምት እንቁላል ነው። መስታወቱ ላይ ከለጠፈችው ቶሎ በጣትህ ቀስ ብለህ አንከባልለህ ወደ ሌላ ዕቃ አዛውረው፤ ራሳቸው ይበሉታል። ከዚያው ገንዳ ውሃ ሙላበት፣ የአየር ፓምፕም አስገባለት። የነጣውን እየለቀምክ አውጣ፣ ሻጋታው ወደ ደህናው እንዳይዛመት። እንደ ውሃው ሙቀት ከ3 እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል።