«ቱርቦው ሄዷል ተባልኩ»፦ ስለቆዩ ቱርቦ መኪኖች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሰሞን «የቆየ ቱርቦ መኪና ያላችሁ፣ አልነሳ ወይም ሚኒሞ ላይ አልረጋ ብሎ ያስቸገራችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። ግማሹ ጥያቄ የሚጀምረው «ቱርቦው ሄዷል ተባልኩ» ብሎ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ቱርቦ የሚሽከረከረው ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ጉልበት ነው። ቁልፍ ስታዞሩ ገና ጭስ የለም። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ጭሱ ደካማ ስለሆነ ቱርቦው ቢዞርም ይህ ነው የሚባል ግፊት አይሰጥም። መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት ካጣ ቱርቦውን ጠርጥሩ። ጠዋት አልነሳ ካለ ግን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ)፦ ጋሼ፣ የ2006 (እ.ኤ.አ.) ሃይሉክስ አለኝ፣ 2ኬዲ ሞተር። ጠዋት ብዙ ካዞርኩት በኋላ ነው የሚነሳው። ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ትንሽ ይንቀጠቀጥና ይስተካከላል። ቀን ላይ በአንድ ቁልፍ ይነሳል። መካኒኩ ቱርቦ ቀይር አለኝ።

መልስ፦ እንዳትቀይር። የነገርከኝ ሁሉ የሚያመለክተው የማሞቂያ ካንዴላዎቹን፣ ማለትም ከመነሳቱ በፊት ሲሊንደሩን የሚያግሉትን ነው።

ናፍጣ የሚነደው በእሳት ብልጭታ ሳይሆን፣ አየር ሲታመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የሚታመቀው አየር ስስ ሲሆን ሙቀቱም ያንሳል። የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ሲጨመርበት አስበው። ሁለት ካንዴላ የሞተበት መኪና ጅቡቲ ወርዶ ያለ ችግር ይነሳል፣ ሽሮ ሜዳ ላይ እምቢ ይላል። ነጩ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ሽታው ይነግርሃል፤ ዓይን ያቃጥላል።

ምርመራው ቀላል ነው። አራቱን ካንዴላ የሚያገናኘውን ብረት ፍታ። መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ ካንዴላው አናት ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ ንካ። ጤነኛው 1 ኦም አካባቢ ወይም ከዚያ ያነሰ ያሳያል። የሞተው ምንም አያነብም። በቀጥታ ከባትሪ አገናኝቶ «ቀላ፣ አልቀላም» የሚለውን ፈተና አልወደውም። አንዳንዱ ካንዴላ ከ12 ቮልት በታች ለሆነ ኃይል የተሠራ ስለሆነ ደህናውን ታቃጥለዋለህ።

ስትፈታ ሞተሩ ሞቅ ይበል፣ አትቸኩል። ካንዴላው ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ከተሰበረ የጥቂት ብር ሥራ ወደ ቴስታታ ማውረድ ይሄዳል። አራቱም ደህና ከሆኑ ሪሌውን እይ፤ ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ እስከ ካንዴላው መድረሱን ለካ።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ የእኔ ተቃራኒው ነው። ፕራዶ፣ 1ኬዜድ ሞተር። ጠዋት ችግር የለበትም። መንገድ ሄጄ ማደያ ላይ ሳጠፋው ግን አይነሳም። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ስሞክር እንደ አዲስ ይነሳል። የሚገፋ ሰው ፍለጋ ሰለቸኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሳና ሲሞቅ እምቢ የሚል 1ኬዜድ ካለ እኔ መጀመሪያ የማየው ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋውን ፖምፓ ነው። ፖምፓው ውስጡ ሲያልቅ ክፍተት ይፈጠራል። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ በዚያ ክፍተት ያፈተልካል። ማስነሻው ሞተሪኖ ሞተሩን የሚያዞረው በዝግታ ስለሆነ ፖምፓው ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝል የሚከፍት ግፊት ማምጣት ያቅተዋል። ሲቀዘቅዝ ናፍጣው ይወፍራል፣ መኪናውም ይነሳል።

ማረጋገጫው ገንዘብ አይጠይቅም። እምቢ ሲልሽ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ንከሪና ፖምፓው ላይ ጣል አድርጊበት። ጨርቁ እንፋሎት ያወጣል። ሲሞቅ አንስተሽ እንደገና ንከሪ። ጥቂት ደቂቃ ቆይተሽ ቁልፉን አዙሪ። ወዲያው ከተነሳ በሽታውን አገኘሽው። ውሃውን ፖምፓው ላይ ብቻ፤ የጋለ ቴስታታ ወይም ዲናሞ ላይ እንዳይፈስ።

አንድ ነገር ግን ቀድመሽ አዳምጪ። ሲሞቅ ሞተሪኖው ራሱ እየተንፏቀቀ ነው የሚያዞረው? እንደዚያ ከሆነ ችግሩ ሞተሪኖ፣ ባትሪ ወይም የላላ የመሬት ሽቦ ሊሆን ይችላል። እንደ ጠዋቱ በፍጥነት እያዞረ ካልተነሳ ግን ወደ ፖምፓው ሂጂ። የናፍጣ ፊልትሮ ቀይሪና ካልተሻለው ፖምፓና ኖዝል ከሚፈትሽ ቤት አስገቢው። እስከዚያው አጭር ቦታ ስትቆሚ ባታጠፊው ይሻላል።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ሃያስ። ካደረ አይነሳም። ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ስጫነው ይነሳል። ቀን ላይ ችግር የለም።

መልስ፦ አየር እየገባ ናፍጣው ሌሊቱን ወደ ሰልባቲዮው (ናፍጣ ማጠራቀሚያው) ይመለሳል። ማታ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት አድርገህ አቁመው። ጠዋት በቀላሉ ከተነሳ ነገሩ ተረጋገጠ። ከፊልትሮው አናት ጀምረህ የጎማ ቱቦዎቹን እይ፣ ማሰሪያዎቹን አጥብቅ። የእጅ ፓምፑ ጎማ ራሱ ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል። እግረ መንገድህን ከፊልትሮው ሥር ውሃውን አፍስስ። በተለይ ነዳጅ ጠፍቶ ከጀሪካን የቀዳህ ከሆነ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ 1ኬዲ ሞተር። ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ይላል፣ መብራት ላይ ስቆም ይጠፋል። የሞተር መብራት አንዳንዴ ይበራል። አንዱ ቱርቦ አለኝ፣ አንዱ ኖዝል፣ አንዱ ኮምፒውተር።

መልስ፦ ሦስቱም ሳይለኩ ነው የተናገሩት። ይህ ሞተር ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት በአንድ የጋራ ቧንቧ አጠራቅሞ በኮምፒውተር ትእዛዝ ነው የሚረጨው። ግፊቱ ካልረጋ ሚኒሞው አይረጋም። ስለዚህ ከርካሹ ጀምር። ፊልትሮ ቀይር። ከዚያ ስካነር አሰካና የታዘዘውን ግፊትና የተገኘውን ጎን ለጎን አስነብብ። የተገኘው ከታዘዘው በላይና በታች ሲዋዥቅ ካየህ፣ ፖምፓው ላይ ያለውን የነዳጅ መጠን መቆጣጠሪያ ቫልቭ ጠርጥር፤ ኤስሲቪ የሚሉት ነው። ቆሻሻ ናፍጣና በነጭ ጋዝ የተበረዘ ናፍጣ ጠላቶቹ ናቸው። ፒ1229 የሚል ኮድ ከመጣ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ግፊቱ ረግቶ ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ ግን ኖዝሎቹን እይ። ስካነሩ ሚኒሞ ላይ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የሚያደርገውን ማስተካከያ ያሳያል። በመደመርም በመቀነስም ከ3 ያለፈው ተጠርጣሪ ነው።

አሁን የምነግርህን ችላ እንዳትል። ኮፈኑን ክፈትና ሞተሩ እየሠራ ጆሮህን ወደ ኖዝሎቹ ጠጋ አድርግ። «ጭስ ጭስ ጭስ» የሚል የትንፋሽ ድምፅ አለ? በኖዝሎቹ ሥር እንደ ሬንጅ የደረቀ ጥቁር ነገር አለ? ከኖዝሉ ሥር ያለችው ማሸጊያ ቀለበት ስታፈስ የሚቃጠለው ጋዝ ያመልጣል። ጥላሸቱ ከዘይት ጋር ተደባልቆ ታች የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል። ያኔ ዘይት ያጣው ቱርቦ በእውነት ይሞታል፣ ሞተሩም ይከተለዋል። እነዚህን ማሸጊያዎች ኖዝል በወጣ ቁጥር አዲስ አድርጉ። አሮጌውን አጥቦ የሚመልስ ጋራዥ ካጋጠመህ መኪናህን ይዘህ ውጣ።

ከዚያው ጠያቂ፦ ሁለት ኖዝል ቀይሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው የባሰው።

መልስ፦ ይህን ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ! በብዙዎቹ 1ኬዲ ሞተሮች ኖዝሉ ላይ የተጻፈው ረጅም ኮድ በስካነር ለኮምፒውተሩ መነገር አለበት። ካልተነገረ ኮምፒውተሩ በድሮው ኖዝል ልክ ይረጫል። አስገባልኝ በል። የዘይቱንም መጠን እይ። ከፍ ካለና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ አትንዳው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ የእኔ ቤንዚን ነው፣ የ2003 ፓሳት፣ 1.8 ቱርቦ። ይነሳል፣ እግሬን ከነዳጁ ሳነሳ ግን ይንገዳገድና ይጠፋል። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

መልስ፦ ቤንዚን ላይ ነገሩ ይለያል። አየሩ በመግቢያው ይለካል፣ ኮምፒውተሩም በዚያው ልክ ቤንዚን ይሰጣል። ከቱርቦው በኋላ ያለ ማኒኮቶ፣ የጎማ ቱቦው ማለት ነው፣ ከተሰነጠቀ የተለካው አየር በስንጥቁ ያመልጣል። ቤንዚኑ ይበዛል፣ ሞተሩ ይታፈናል። የአየር መለኪያውን ሶኬት ንቀልና አስነሳው። ሚኒሞው ከተሻለ ወይ መለኪያው ወይ ቱቦው ነው። ቱቦውን በጭስ የሚፈትሽ ጋራዥ ፈልግ፤ እናንተ አገር ሞልቷል። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ከታች በኩል ስለሆነ በዓይን አይታይም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ታዲያ ቱርቦው በሚኒሞ ጥፋተኛ የሚሆነው መቼ ነው?

መልስ፦ ሰማያዊ ጭስ ስታይና ዘይቱ እየጎደለ ሲሄድ። ከቱርቦው ወደ ኢንተርኩለር (የቱርቦውን አየር ማቀዝቀዣ) የሚሄደውን ማኒኮቶ ፍታው። ስስ የዘይት ቅባት የተለመደ ነው። ዘይቱ ተጠራቅሞ ከፈሰሰ ግን አትንዳው። ናፍጣ ሞተር ያን ዘይት እንደ ነዳጅ መጠጣት ከጀመረ ቁልፍ ብታጠፋም አይቆምም፣ እየጮኸ ይፈጥናል። ካምቢዮው የእጅ ከሆነ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ርገጥ፣ ትልቁን ማርሽ አስገባና ፍሪሲዮኑን ልቀቅ፤ ታንቆ ይጠፋል። አውቶማቲክ ከሆነ ከመኪናው ራቅ። እጅህን ወደ አየር መግቢያው እንዳትሰድ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ አልነሳ ሲል አየር ማጣሪያው ላይ ቤንዚን ወይም ስፕሬይ ብረጭስ?

መልስ፦ ካንዴላው የጋለ ሞተር ላይ? በፍጹም። ያለ ጊዜው ይፈነዳል፣ ፒስቶን ይሰብራል።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ ቁልፍ ሳዞር «ጠቅ» ይላል፣ አያዞርም። ደጋግሜ ስሞክር በስንተኛው ያዞራል።

መልስ፦ ባትሪው አርፎ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሞተሪኖውን አውርደህ ጀርባውን አስከፍት። ውስጡ ያሉት ሁለት የመዳብ መገናኛዎች ተበልተው ይሆናል። ሙሉ ሞተሪኖ ግዛ ቢሉህ መጀመሪያ መገናኛዎቹን ብቻ ጠይቅ፤ ለብቻቸው ይሸጣሉ።