ፊልትሮ አስነፋሁ፣ መኪናው ለምን ደከመ? እና ሌሎች የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ሞተሩ አየር ስለሚስብበት መንገድ ናቸው። አይገርምም። መሀል ከተማው ሲፈርስና ሲገነባ ከርሟል፤ አቧራው ደግሞ መጨረሻው የአየር ማጣሪያው፣ ፊልትሮው ውስጥ ነው። ከ2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የግል መኪና ማስገባት ስለቆመም፣ ያለውን መኪና ማቆየት ግድ ሆኗል።

ከካዛንቺስ፦ «ያሪስ ነው የምነዳው። በየሁለት ሳምንቱ ጎሚስታ ጋ ጎራ ብዬ ፊልትሮውን አስነፋለሁ። መኪናው ግን እንደ ድሮው አይጎትትም፤ ዘይትም መቀነስ ጀምሯል። ማስነፋት ጉዳት አለው?»

አለው፤ በተለይ እንዲህ ሲደጋገም። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ብዙ ጊዜ 8 ባርና ከዚያ በላይ ይዞ ነው የሚሠራው። የወረቀት ፊልትሮ ደግሞ ከ2 ባር በላይ ሊነፋበት አይገባም። አፈሙዙን እጥፋቱ ላይ አስጠግተው ሲለቁት ወረቀቱ ይሰነጠቃል፣ አለዚያም ከጠርዙ ላስቲክ ይላቀቃል። ከዚያ በኋላ አቧራው በማጣሪያው ሳይሆን በቀዳዳው ያልፋል። መንገድ ላይ የሚነሳው አቧራ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ከሲሊንደሩ ብረት ይጠነክራል፤ ግድግዳውንና የፒስተኑን ቀለበት እየፋቀ ዘይት ወደ ላይ እንዲያልፍ ያደርጋል። ያም ሆኖ ዘይት የሚቀንሰው በዚህ ብቻ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም፤ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር የሚያምቅበትን ግፊት) ያስለኩ።

ዛሬ ማታ ሁለት ነገር ይሞክሩ። አንደኛ፣ ፊልትሮውን አውጥተው ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክ መብራት ከኋላው ይያዙ። ደብዘዝ ያለ ብርሃን ወጥ ሆኖ ከታየ ደህና ነው፤ እንደ መርፌ ጫፍ የሚያበራ ነጥብ ካዩ ይጣሉት። ሁለተኛ፣ ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ቱቦ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ። ጨርቁ ላይ ቡናማ አቧራ ከወጣ አየር ሳይጣራ እያለፈ ነው። ያኔ ጥፋቱ ከወረቀቱ ብቻ ላይሆን ይችላል፦ የፊልትሮ ቤቱ ክሊፕ ሊሰበር፣ ክዳኑ ሊጣመም፣ ወይም የገዙት ፊልትሮ ቁመቱ በጥቂት ሚሊሜትር አንሶ ጠርዙን ሳይሞላ ሊቀር ይችላል። አዲስ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ሄደው ጎን ለጎን ያስተያዩ።

ማጽዳት ካስፈለገ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ቀስ አድርጎ ማራገፍ ብዙውን ያወርዳል። አየር ከተጠቀሙ ግፊቱ ተቀንሶ፣ ከንፁሁ ጎን ወደ ቆሻሻው፣ ቢያንስ አንድ ስንዝር ርቀት ጠብቀው ይሁን። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ አይቶ፣ ለዚህ ከተማ በ15,000 ገደማ መቀየር ይበቃል። ትንሽ የቆሸሸ ፊልትሮ ከአዲሱ የባሰ አያጣራም፤ እንዲያውም ይሻላል፤ ስለዚህ በየጊዜው ማውጣቱን ይተዉት። እግረ መንገዴን፦ ኢንጀክሽን ባለው (ቤንዚን በኮምፒውተር ትእዛዝ በሚረጭ) መኪና ላይ የተዘጋ ፊልትሮ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ቤንዚን እምብዛም አያስበላም፤ የገባውን አየር ለክቶ ቤንዚኑን የሚመጥነው ኮምፒውተሩ ነውና።

ከአራት ኪሎ፦ «ባለቤቴ ፊልትሮውን በኦሞ አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ይሠራል?»

አይሠራም። ውኃ የነካው ወረቀት እጥፋቱ ይላላል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ሊታጠብ የሚችለው ከጥጥ ጨርቅ ወይም ከስፖንጅ ተሠርቶ «ይታጠባል» የተባለው ብቻ ነው። አዲስ ይግዙ፤ ቤት ውስጥም አያጣሉን።

ከሜክሲኮ፦ «ሶማሌ ተራ ኮን ፊልትሮ (ሳጥን የሌለው ሾጣጣ ማጣሪያ) አየሁ። የፋብሪካውን ሳጥን አውጥቼ እሱን ብገጥም ጉልበት ይጨምራል ተባልኩ። 1.3 ሞተር ነው፣ ቱርቦ የለውም።»

ድምፅ ይጨምራል። ስለ ጉልበቱ ግን እናስላው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል፣ በቁጥር 25 ኪሎፓስካል ገደማ ያንሳል። ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በዚህ የተነሳ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ አዋሽ ሲወርዱ መኪናው ድንገት የሚበረታውም ለዚሁ ነው። ንፁህ የፋብሪካ ፊልትሮ ደግሞ በሙሉ ጋዝ እንኳ የሚያስቀረው ጥቂት ኪሎፓስካል ብቻ ነው። ከፍታው የወሰደውን 25 ትተው ከፊልትሮው ላይ አንዷን ለማስመለስ ነው ገንዘብ የሚከፍሉት።

የባሰ ሆኖ የሚመጣው ሙቀቱ ነው። ኮን ፊልትሮ ኮፈን ሥር ክፍቱን ሲቀመጥ የሚስበው የራዲያተሩንና የጭስ ማውጫውን ትኩስ አየር ነው። ውጭው 22 ዲግሪ፣ ኮፈን ሥር 60 ዲግሪ ቢሆን አየሩ 11 በመቶ ያህል ይሳሳል። የትራፊክ መጨናነቅ ላይ ቆሞ ይህን መሳብ ምድጃ አፍ ላይ ቆሞ እንደ መተንፈስ ነው።

ሦስተኛው ጣጣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። መኪናዎ ኤር ፍሎ ሴንሰር ካለው፣ ሴንሰሩ አየሩን የሚለካው የተሰካበት ቱቦ ስፋት ይታወቃል በሚል ስሌት ነው። የ60 ሚሊሜትር ቱቦ አውጥተው በ70 ቢተኩት የቱቦው አፍ ስፋት በ36 በመቶ ያድጋል፤ ሴንሰሩ ጋ የሚያልፈው አየር ይዘገያል፤ ኮምፒውተሩም ከእውነተኛው በሩብ ያነሰ አየር የገባ ይመስለዋል። ቤንዚኑን በዚያ ልክ ሲቀንስ ሞተሩ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ሲረግጡት ይንጠራወዛል፣ ቼክ ኢንጂን ይበራል። ዘይት የሚቀባው ዓይነት ኮን ከሆነ፣ ዘይቱ ሲበዛ ሴንሰሩ ላይ ሄዶ ይለጠፋል።

ገንዘቡን ማውጣትዎ ካልቀረ እዚህ ላይ ያውሉት፦ ከፊልትሮ ሳጥኑ ወደ ራዲያተሩ ፊት የሚሄደው የፕላስቲክ አፍ በቦታው አለ? የፊት አካሉ ተመቶ በተጠገነ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሳጥኑም እንደ ኮኑ ትኩስ አየር ይስባል። ያችን ፕላስቲክ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ፈልጎ መመለስ ከማንኛውም «ማሻሻያ» ይበልጣል። በመሀል ያለውን ባዶ ሳጥን መሰል ነገር፣ ሬዞኔተሩንም አይንኩት፤ ድምፅ ለመግደልና የአየሩን ምት ለማረጋጋት ነው የተቀመጠው።

ከፒያሳ፦ «የ2005 ሞዴል ኮሮላ አለኝ። መብራት ላይ ስቆም ሚኒሞው (ጋዝ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ይወርዳል፣ አልፎ አልፎም ይጠፋል። መካኒኩ ትሮትሉና ኤር ፍሎው ይታጠብ አለ። ግቢ ውስጥ ራሴ ልሠራው እችላለሁ?»

ይችላሉ፤ ግማሽ ቀን ይበቃል። ትሮትል ማለት ጋዝ ሲረግጡ ለሞተሩ አየር የሚከፍተው ክፍል ነው። የሚያስፈልገው 10 ቁጥር ቁልፍ፣ ካቻቪቴ፣ ክር የማይለቅ ጨርቅ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ሁለት የተለያዩ ስፕሬዮች ናቸው። ሁለቱን አያምታቷቸው። አንዱ የትሮትል ማጽጃ፣ ሌላው የኤር ፍሎ ሴንሰር ማጽጃ ነው። የካርቡሬተር ማጽጃ ሴንሰሩ ላይ ከተረጨ ፕላስቲኩን ሊበላ ይችላል፣ ቅሪትም ይተዋል።

ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ የባትሪው ነጌቲቭ ተነቅሎ ይጀመር። ኤር ፍሎው ከፊልትሮ ሳጥኑ ቀጥሎ ቱቦው ላይ በሁለት ብሎን የተያዘ ነው። ሶኬቱን ነቅለው፣ ብሎኑን ፈተው ቀጥ አድርገው ያውጡት። ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ከፀጉር ብዙም አይወፍሩም፤ በጥጥ፣ በጨርቅ፣ በትንፋሽም ቢሆን አይንኳቸው። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ጊዜ አጭር አጭር ረጭተው ራሱ እስኪደርቅ ይተዉት፤ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ሳይደርቅ ኤሌክትሪክ ካገኘ ሽቦው ሊቃጠል ይችላል። እንዲህ ዓይነት ሴንሰር ከሌለው መኪናው በማፕ ሴንሰር (የአየሩን ግፊት በሚለካ) የሚሠራ ነው፤ ይህን ደረጃ ይዝለሉት።

ትሮትሉ ጋ ሲደርሱ የጎማውን ቱቦ ፋሸታ (ማሰሪያ ቀለበት) አላልተው ይንቀሉት። ክቧ ክዳን ጠርዝ ላይ ጥቁር ቀለበት ያያሉ፦ ከሞተሩ የሚመለሰው የዘይት ጭስ ከጥላሸት ጋር ደርቆ ነው። በሚኒሞ ጊዜ አየር በዚያች ጠባብ ክፍተት ስለሚያልፍ እዚያ ሲዘጋ ሞተሩ ሊጠፋ ይችላል። ስፕሬዩን ወደ ውስጥ አያርከፍክፉ፤ ጨርቁ ላይ ረጭተው ይጥረጉ፣ የክዳኗን ጀርባም ይድረሱ። በብረት ሽቦ ወይም በአሸዋ ወረቀት መፋቅ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ብዙ ትሮትሎች ፋብሪካ የተቀባ ስስ ሽፋን አላቸው። በካቦ የሚሠራ ከሆነ ካቦውን ስበው ክዳኗን መክፈት ይቻላል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ባትሪው እንደተነቀለ፣ በጣም በቀስታ ብቻ። ቁልፉ በርቶ ሳለ ጣት አያስገቡ፤ ክዳኗን የምታዞረው ትንሽ ሞተር ጣት ለመጭመቅ ጉልበት አላት።

ከለገሃር፦ «ትሮትሉን ካጸዳሁ በኋላ ሚኒሞው 1,500 ላይ ቀረ። ምን አበላሸሁ?»

ምናልባት ምንም። ኮምፒውተሩ ቆሻሻውን ለማካካስ ክዳኗን ትንሽ ከፍቶ መያዝ ለምዶ ነበር፤ አሁን ቆሻሻው ሲሄድ አየሩ በዛ። ባትሪውን ለአሥር ደቂቃ ነቅለው ይመልሱ (ሬዲዮው ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ አስቀድመው ያግኙት)። መብራትም ኤሲም ሳይበራ፣ ጋዝ ሳይነካ፣ የራዲያተሩ ፋን እስኪነሳ በሚኒሞ ያቆዩት። ከዚያ ኤሲውን አብርተው አምስት ደቂቃ ይጨምሩ። ብዙ ቶዮታዎች በዚህ ይስተካከላሉ፤ ኒሳን የራሱ ሥርዓት አለው፣ ቮልስዋገን ደግሞ ስካነር ይፈልጋል።

ካልወረደ ከትሮትሉ በኋላ፣ ወደ ሞተሩ በኩል አየር የሚሾልክበት ቦታ ይፈልጉ። ጓንት አድርገው ቀጫጭን ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ይጫኑ፤ ሲሲሲ የሚለው ድምፅ ይቀየራል። በሚረጭ ጠርሙስ ትንሽ ውኃ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ሲነፉ ሚኒሞው ለቅጽበት ከተለወጠ አገኙት። ቤንዚን ወይም የፍሬን ማጽጃ በመርጨት የሚፈልጉ አሉ፤ ትኩስ ሞተር ላይ እሳት ነው። ስካነር (የኮምፒውተሩን መረጃ የሚያነብ መሣሪያ) ካለ የነዳጅ ማካካሻውን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚጨምረውን ቤንዚን ይመልከቱ፦ በሚኒሞ ከ10 በመቶ በላይ ሆኖ በ2,500 ዙር ወደ ዜሮ የሚጠጋ ከሆነ የሾለከ አየር ነው፤ ጋዝ ሲጨምሩ የሚብስ ከሆነ ደግሞ ኤር ፍሎው ወይም ቤንዚኑ ይጠረጠራል።

ከተክለሃይማኖት፦ «ላዳ አለኝ፤ ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ አለው። ፊልትሮው አዲስ ነው።»

የእርስዎ ጥያቄ ከላይ ካሉት ይለያል። ካርቡሬተር (ያለ ኮምፒውተር ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ከፍታን አያውቅም፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ለቆላ የተመጠነ ጂግለር (ቤንዚን የሚመጥነው ባለቀዳዳ ብሎን) እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል። ጂግለሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይተው በጥቂት ቁጥር ባነሰ ይሞክሩ፤ ካንዴላው ከጥቁር ወደ ቀላል ቡናማ ሲለወጥ ይቁሙ። ከዚያ በፊት ግን ቾኩ (ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሳት አየር የሚዘጋው ክዳን) ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ያረጋግጡ። ስንቱ ጂግለር በከንቱ ተቀይሯል!

ከመስቀል አደባባይ አካባቢ፦ «ናፍጣ ሚኒባስ ነው። ክረምት ጎርፍ ውስጥ ገብቼ ሞተሩ ጠፋ። ፊልትሮው ርሷል፤ አድርቄ ላስነሳ?»

አያስነሱ፣ ገፍተውም አይሞክሩት። ውኃ አይታመቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ የቀረ ጥቂት ውኃ ፒስተኑን የያዘውን ክንድ ያጣምመዋል፤ ናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ ክፍተቱ ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ውኃ ይበቃል። አስጎትተው ወደ ጋራዥ ይውሰዱት። የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ወይም ኢንጀክተሮቹ ወጥተው ሞተሩ መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በሞተሪኖ (በማስነሻ ሞተሩ) ይዙር፤ ውኃው በቀዳዳው ይተፋል። የፊልትሮ ቤቱና እስከ ቱርቦው ያለው ቱቦ ይድረቅ፣ ፊልትሮው ይጣል። የዘይት መለኪያውን ያውጡ፤ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ዘይቱና የዘይት ፊልትሮው ሳይቀየር ሞተሩ አይነሳም።