«ይህችን ማን አበላሻት?»

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የጎረቤት ልጅ ቤቴ መጥቶ ነበር። የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ነው፤ ሁለተኛ ዓመት። መደርደሪያዬ ላይ ያሉትን በባትሪ ድንጋይ የሚሄዱ የመጫወቻ ባቡሮች አንድ በአንድ እያነሳ፣ ሆዳቸውን እየገለበጠ ሲያይ ቆየ። አረንጓዴዋ ላይ ሲደርስ ቆመና ቀለሟን በጥፍሩ ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። «ጋሼ፣ ይህችን ማን አበላሻት?» አለኝ።

«ከገበያ እንዲሁ ሆና ነው ያገኘኋት» አልኩት።

ዋሸሁ። ዕድሜዬ ስልሳ ስድስት ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ በፋብሪካ የኤሌክትሪክ ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በሃያ ዓመት ልጅ ፊት ዋሸሁ። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። ስለዚህ ይህን ለእርሱም፣ እንደ እርሱ ካቻቢቴ ይዛችሁ አሮጌ ዕቃ መክፈት ለጀመራችሁ ሁሉ እጽፋለሁ።

ነገሩ የሆነው በ1978 ዓ.ም. ነው። ያኔ እዚሁ ባሕር ዳር ከፋብሪካ ስመለስ ማታ ማታ በረንዳዬ ላይ ሬዲዮና ካውያ እጠግን ነበር። እጁ ጥሩ ነው ተብሎ በሰፈሩ ተወርቶልኛል። አንድ ቀን ወደ ሐይቁ ዳር የሚኖሩ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው እናት በነጠላቸው የጠቀለሉት ዕቃ ይዘው መጡ። ጠረጴዛዬ ላይ ሲፈቱት ባቡር ነው። ከቆርቆሮ የተሠራች፣ ክንድ የማትሞላ፣ የጃፓን ሥራ የሆነች ባቡር።

ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር ይሠሩ ነበር። ለአንድ ልጃቸው የገዙለት እዚያው ነው። እርሳቸው ሲያርፉ እናትና ልጅ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ባሕር ዳር ተመለሱ። ልጁ አደገ፤ ዘመተ፤ አልተመለሰም። እማማ ይህንን ሁሉ የነገሩኝ ቆመው ነው። ከዚያ «ድምፁን ብሰማው ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።

ባቡር ለእኛ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ወደ ጣና ግን አልመጣም፤ እስከ ዛሬም አልመጣም። እኔ ባደግሁበት ገጠር ባቡር ማለት የእህል ወፍጮ ነበር። እናቴ «ባቡር ሂድ» ስትለኝ ጤፍ ተሸክሜ እሄዳለሁ፤ ፊቴ ዱቄት ለብሶ እመለሳለሁ። ስለዚህ ያቺን ቆርቆሮ ሳይ እኔም ልጅ ሆኜ ነበር።

ሥራዋ ግሩም ነው። ሐዲድ አያስፈልጋትም። ከሆዷ ሥር በምትዞር ክብ ሳህን ላይ ሁለት ትናንሽ ጎማዎች ተተክለዋል፤ የሚያስነዳት ሞተር እነርሱን ነው የሚያሽከረክረው። ግንባሯ ግድግዳ ሲነካ ሳህኗ ዞር ትልና ባቡሯ አቅጣጫ ቀይራ ትሄዳለች። ወንበር ሲገጥማት እንደገና ትዞራለች። ስትሄድ ትንሽ መዶሻ ውስጧን እየመታች ቱክ ቱክ ትላለች። የሚያንቀሳቅሳት ሁለት ትልልቅ ድንጋይ ነው፤ እያንዳንዱ 1.5 ቮልት።

ስከፍታት ብልሽቱ ወዲያው ታየኝ። ድንጋዮቹ ውስጧ ተረስተው አፍስሰዋል። ሞላውና የመዳብ ምላሷ አረንጓዴ ዝገት ለብሰዋል፤ አንዱ ሽቦ ተበልቶ ተቆርጧል። ጠረግሁት፣ ሽቦውን በስታኞ አያያዝሁት፣ አዲስ ድንጋይ ጨመርሁ። ቱክ ቱክ አለች። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ጎኗ ላይ ዝገት ነበረ፤ ቀይና ሰማያዊው ቀለም እዚህም እዚያም ተልጧል። እማማን አስደስታለሁ ብዬ የብርጭቆ ወረቀት አነሳሁ። ሳሽ በግራ ጎኗ በኩል፣ ከመስኮቶቹ በታች፣ ጣቴ ሥር የሚሻክር ነገር መጣ። የጭረት መስመሮች ናቸው። ልጅ የቧጨረው ነው ብዬ እዚያ ላይ ጫን ብዬ አሸሁ። ያ ሻካራነት ቀስ በቀስ ሲለሰልስ ዛሬም ጣቴ ያስታውሰዋል። ከዚያ ከአንድ ጋራዥ የተረፈ የመኪና ቀለም ነበረኝና አረንጓዴ ቀባኋት። ሁለት ጊዜ። ፀሐይ ላይ አደረቅኋት። አበራች።

እማማ በሦስተኛው ቀን መጡ። ባቡሯን ተቀብለው አልተናገሩም። አውራ ጣታቸውን በግራ ጎኗ ላይ፣ ከመስኮቶቹ በታች፣ ከፊት ወደ ኋላ አስኬዱት። እንደገና ከኋላ ወደ ፊት። ማየት ደክሟቸው ነበርና በጣታቸው ነው የሚፈልጉት።

«ጽሕፈቱስ?» አሉኝ።

«የትኛው ጽሕፈት፣ እማማ?»

«ልጄ በምስማር የጻፈው። ‹ድሬ - ባሕር ዳር› ይላል።»

ምን እንደመለስሁ አላስታውስም። ባቡሯን መሬት ላይ አድርጌ አስነሳኋት፤ ቱክ ቱክ እያለች በረንዳውን አቋረጠች፣ የበሩን ደፍ ነክታ ተመለሰች። እርሳቸው ወደ ሐይቁ ዞረው ሰሟት። ሲበቃቸው ከመቀነታቸው ብር ሊፈቱ ጀመሩ፤ አይሆንም አልኳቸው። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። አንተ ጋ ትቀመጥ» ብለው ነጠላቸውን አጣጥፈው ሄዱ። ነጠላው ባዶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ከብርጭቆ ወረቀቱ ይብሳል። ይቅርታ ለመጠየቅ አልሄድሁም። ነገ እሄዳለሁ እያልሁ ሁለት ዓመት ያህል በደጃቸው ላለማለፍ በሌላ መንገድ ዞሬ ወደ ሥራ ሄድሁ። ሲያርፉ ተረኛ ነበርሁ፤ ተረኛ ባልሆንም ኖሮ ቀብራቸው ላይ የምቆምበት ፊት አልነበረኝም። ዕቃ ያበላሻችሁ ቀን፣ በዚያው ቀን ሂዱና ንገሩ። ሲያድር ይከብዳል።

ስለ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ፣ ስለ መበየጃ አያያዝ አልነግራችሁም፤ ያንን ታውቁታላችሁ። የማስቀድመው አንድ ነገር ነው፤ ዕቃውን ሳትከፍቱ ባለቤቱን ጠይቁ። «ምን ሆነ?» ብቻ ሳይሆን «ምኑን ነው የምትወደው?» በሉት። አንዱ ድምፁን ነው፣ አንዱ መብራቱን፣ አንዱ ጭረቱን። እማማ ድምፁን ብለው ነግረውኝ ነበር፤ ያልተጠየቅሁትን ልሠራ የተነሳሁት እኔ ነኝ።

በእነዚህ የቆርቆሮ ባቡሮች ላይ ያለው ቀለም በብሩሽ የተቀባ አይደለም። ቆርቆሮው ገና ዝርግ ሳለ ሥዕሉ ይታተምበታል፤ ከዚያ ነው በማሽን ተቆርጦ ቅርጽ የሚይዘው። አንዴ ከተፋቀ መልሶ የሚያትመው የለም። ቀለም የሚያስለቅቀውን አሴቶን አታስጠጉት። አካሉን የሚያያይዙት የቆርቆሮ ምላሶች ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠፉ ይሰበራሉ፤ ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ ከሆነ አትክፈቱ። እኔ ግን እከፍታለሁ፤ ሳላይ መተው አልችልም።

የድንጋይ ፍሳሽ ሁለት ዓይነት መሆኑን ብዙዎቻችሁ አትለዩም። የድሮው የካርቦን ድንጋይ ፍሳሽ አሲድነት አለው፤ በውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ይጠረጋል። የዛሬው አልካላይን ተቃራኒው ነው፤ ለእርሱ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ነው መድኃኒቱ። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ማጥራት፣ በደንብ ማድረቅ። ሞተሩ ካልዞረ የሦስቱን የሽቦ ጥቅልሎች ኦም፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መቋቋማቸውን፣ ለኩ፤ እኩል ከሆኑ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ካርቦኑ ወይም ካርቦኑ የሚነካው በዘንጉ ላይ ያለው የጠቆረ የመዳብ ቀለበት፣ ኮሙቴተሩ፣ ነው። ዘይት ዘንጉ ላይ አንዲት ጠብታ፣ ኮሙቴተሩ ላይ በጭራሽ። በእኛ ከተማ ደግሞ ከሐይቁ የሚነሳው እርጥበት በክረምት ቆርቆሮ አይምርም፤ ድንጋዩን አውጥታችሁ አስቀምጡ።

ድንጋይ ስል ልጅነቴ መጣብኝ። የደከመ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እናሰጣ ነበር፤ ሲሞቅ ጥቂት ነፍስ ይዘራል። አባቴ ማታ ባትሪውን ሲያበራ ያቺ ቢጫ ብርሃን ከበረት እስክትደርስ እንቆጥር ነበር። ሙቀት በውስጡ ያለውን ኬሚካል እንደሚያነቃቃ ያወቅሁት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። እናንተ ድንጋይ ሲደክም መጣል ብቻ ነው የምታውቁት።

የዛሬ ልጅ ትዕግሥት የለውም ሲባል እሰማለሁ፤ አልቀበለውም። ያ ተማሪ እኔ በሃያ ሰባት ዓመቴ ያላየሁትን በአንድ እይታ አየ። በስልኩ የዚያችኑ ዓይነት ባቡር ሥዕል ፈልጎ ቀለሟ ምን እንደነበር አሳየኝ፤ ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ የታተመበትን ሳይቀር። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። ቪዲዮ ከፍታችሁ፣ እዚያ ያለው ሰውዬ ሲፈታ አብራችሁ ትፈታላችሁ። የእርሱ ዕቃና የእናንተ ዕቃ አንድ አይደለም። ከፊታችሁ ያለውን ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላችሁ እዩት።

አሁን አሥራ አንድ ባቡሮች አሉኝ። ከቅዳሜ ገበያ፣ ከልባሽ ጨርቅ ነጋዴዎች ዘንድ፣ ከልብሱ ጋር ታስረው የመጡ ናቸው የሚበዙት። አንዷ ቶሚ የተባለው የጃፓን ድርጅት የሠራት የፕላስቲክ ባቡር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1959 በሰማያዊ ሐዲድ የጀመረው ዓይነት። ሐዲዷ የለም፤ ባቡሯ ብቻ ናት። አሮጌ ዕቃ ቀለም አትቀቡ የምለው እኔ ባለፈው ዓመት አንዷን ቀይ ቀብቼ ለእህቴ የልጅ ልጅ ሰጥቻለሁ። ዝገቷ እጇን እንዳይቆርጣት ብዬ ነው፤ አልጸጸትበትም። ልጅቷ እያስነሳች ስታሯሩጣት ብታዩ እናንተም አትጸጸቱም።

ተማሪው ሲወጣ አረንጓዴዋን ስጠኝና ቀለሙን አስለቅቄ ከሥዕሉ አይቼ ልመልሳት ብሎኝ ነበር። አይሆንም አልሁት፤ ምክንያቱን ግን አልነገርሁትም። ከአረንጓዴው ሥር ሥዕሉም ጽሕፈቱም የለም። ባዶ ቆርቆሮ ነው። ጽሕፈቱን እኔ ብጽፈው ደግሞ የዚያ ልጅ እጅ አይሆንም።

አንተ ልጅ፣ ያበላሸኋት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ና፤ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ ይዘህ ና። ድምጿ አሁንም ደህና ነው።