የሆኪ ዝውውር ወሬና የደመወዝ ጣሪያ፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን ልመልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ኤድመንተን ስገባ ስለ ሆኪ የማውቀው ነገር አልነበረም። የመጀመሪያው በረዶ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ ጨዋታ ከፈትኩ፣ ከዚያ ወዲህ አልዘጋሁትም። ከጨዋታው በላይ የያዘኝ ግን ቡድን የሚሠራበት መንገድ ነው፦ ማን በማን ይለወጣል፣ ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ስለ ኤንኤችኤል፣ ማለትም ስለ ሰሜን አሜሪካው የበረዶ ላይ ሆኪ ሊግ፣ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ የመጡትን ጥያቄዎች እነሆ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ገንዘቡ ደግሞ በአሜሪካ ዶላር።

ጥያቄ፦ እኔ የማውቀው እግር ኳስ ነው። ሀብታም ክለብ የፈለገውን ተጫዋች ለምን አይገዛም?

ስለማይፈቀድለት። በእግር ኳስ ክለብ ለክለብ ብር ይከፍላል። በሆኪ ተጫዋች የሚለወጠው በተጫዋች ወይም በድራፍት ተራ ነው፣ ማለትም ወደፊት ወጣት ተጫዋች የመምረጥ መብት። ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1988 ኤድመንተን ዌይን ግሬትስኪን ለሎስ አንጀለስ ሲሰጥ ከተጫዋቾቹ ጋር 15 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሏል። ዛሬ ቢሆን ያ ልውውጥ አይጸድቅም።

ሌላው ማሰሪያ የደመወዝ ጣሪያው ነው፣ አንድ ቡድን በዓመት ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ ከዚያ በላይ መክፈል የማይችልበት መጠን። ጣሪያው የመጣው ከትልቅ ጸብ በኋላ ነው። ባለቤቶቹና ተጫዋቾቹ ሳይስማሙ ቀርተው የ2004-05 ውድድር ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። በቀጣዩ ዓመት ጣሪያው በ39 ሚሊዮን ጀመረ። ለ2025-26 ደግሞ 95.5 ሚሊዮን ደርሷል። ወለልም አለው፣ በዚያው ዓመት ማንም ቡድን ከ70.6 ሚሊዮን በታች መውረድ አይችልም። አንድ ተጫዋች ብቻውን ከጣሪያው 20 በመቶ በላይ አይወስድም። የሚቆጠረውም በዓመቱ እጁ ላይ የገባው ብር ሳይሆን ጠቅላላ ውሉ ለዓመታቱ ተካፍሎ የሚመጣው ነው። ይህቺን አንድ ነገር ከያዝክ ሌላው ሁሉ ይገባሃል።

ጥያቄ (ከኤድመንተን)፦ ኮከባችን ማክዴቪድ የዓለም አንደኛ ሆኖ ሳለ ለምን በ12.5 ሚሊዮን ፈረመ? ተታለለ እንዴ?

አልተታለለም፣ ምን እያደረገ እንደሆነ በደንብ ያውቃል። ካፕሪዞቭ ከሚኒሶታ ጋር በዓመት 17 ሚሊዮን ፈርሟል። የራሳችን ድራይሳይትል 14 ይወስዳል። ማክዴቪድ በጥቅምት 2025 ያራዘመው ውል የሚጀምረው በ2026-27 ነው፣ ሊጉ አስቀድሞ እንዳሳወቀው የዚያ ዓመት ጣሪያ 104 ሚሊዮን ነው። ሃያ በመቶው የሚለካው ግን ውሉ በተፈረመበት ዓመት ጣሪያ፣ በ95.5 ነው፤ ሙሉውን ቢጠይቅ 19.1 ሚሊዮን ይገባው ነበር። ከስድስት ሚሊዮን ተኩል በላይ ለቡድኑ ትቷል ማለት ነው። በዚያ ገንዘብ አንድ ጥሩ ተከላካይና አንድ ደህና አጥቂ ይገኛል።

ግን የፈረመው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፦ ገንዘቡን ትቼላችኋለሁ፣ እናንተ ደግሞ ሥሩበት። በ2024ም በ2025ም በፍጻሜው በፍሎሪዳ ተሸንፈናል። ሁለቱንም ፍጻሜ እስከ መጨረሻው ያየሁ ሰው ነኝና ትዕግሥቱ ለምን እንዳጠረ ይገባኛል።

ጥያቄ፦ ብሮበርግና ሆሎዌይ በነጻ ነው የሄዱብን? እስካሁን ያንገበግበኛል።

እኔንም። ሁለቱም ወጣቶች ናቸው፣ ውላቸው አልቆ ገና ከቡድናቸው ጋር ያልተስማሙ። እንዲህ ላለ ተጫዋች ሌላ ቡድን የውል ወረቀት ማቅረብ ይችላል። የድሮው ቡድን በሰባት ቀን ውስጥ ወይ ያንኑ ገንዘብ ይከፍላል ወይ የድራፍት ተራ ተቀብሎ ይለቃል። በነሐሴ 2024 ሴንት ሉዊስ ለብሮበርግ 4.58፣ ለሆሎዌይ 2.29 ሚሊዮን አቀረበ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ማቅረባቸው ነው ብልሃቱ። ኤድመንተን ለሁለቱ ወደ ሰባት ሚሊዮን የሚጠጋ ቦታ አልነበረውም። ያገኘነው አንድ የሁለተኛ ዙርና አንድ የሦስተኛ ዙር ተራ ነው። ሆሎዌይ በዚያው ዓመት 63 ነጥብ (ያገባቸውና ለጎል ያቀበላቸው ተደምረው) ሰበሰበ። ስህተቱ የነሐሴ አይደለም፣ በሐምሌ አንጋፎችን ሲያስፈርሙ ለልጆቹ ቦታ አለማስቀረታቸው ነው።

ጥያቄ (ከሚኒሶታ)፦ ቡድናችን ለዓመታት “የሞተ ገንዘብ” አለብን ሲል ነበር። ምን ማለት ነው?

ይሄ በጣም የምወደው ጥያቄ ነው፣ ትንሽ ታገሺኝ እህቴ።

በሐምሌ 4፣ 2012 ሚኒሶታ ዛክ ፓሪሴንና ራያን ሱተርን በአንድ ቀን አስፈረመ። ለእያንዳንዳቸው 13 ዓመት፣ 98 ሚሊዮን። ከተማው በደስታ ተናወጠ። ውሉ ግን ተጫዋቾቹ አርባ ዓመት እስኪጠጉ የሚሄድ ነበር። በ2021 ቡድኑ ሁለቱንም ከውላቸው አሰናበተ። ውል አፍርሰህ ስታሰናብት የቀረውን ደመወዝ ሁለት ሦስተኛ በእጥፍ ዓመታት እየከፈልክ ትቆያለህ፣ ከጣሪያህም ይቀነሳል። የሞተ ገንዘብ የሚሉት ይህን ነው። በነሱ ውል ላይ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቅነሳ በጣም ከባድ ሆነ። በ2022-23 ወደ 12.7 ሚሊዮን፣ ከዚያ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት 14.7 ሚሊዮን። እስኪ አስቢው። ለሌላው ቡድን ጣሪያው 83.5 ሆኖ ሳለ የናንተ 69 ሚሊዮን ግድም ነበር። ያንን ተሸክመው ቡድኑን አለማፍረሳቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ሸክሙ በ2025 ክረምት ሲቀልል ምን እንደተከተለ አይተሻል። የካፕሪዞቭ ውል መጣ። በታኅሣሥ ደግሞ ኩዊን ሂውዝን ከቫንኩቨር አመጡ። ሮሲን፣ ቡዪየምን፣ ኦግሬንንና አንድ የአንደኛ ዙር ተራ ሰጥተው። ብዙ ነው፣ አዎ። ግን ሂውዝ ኖሪስን፣ የዓመቱን ምርጥ ተከላካይ ሽልማት፣ የወሰደ ተከላካይ ነው፣ እስከ 2027 ክረምት ድረስ ደመወዙ 7.85 ሚሊዮን ብቻ። እኔ ብሆን እኔም እሰጥ ነበር።

ጥያቄ (ከቶሮንቶ)፦ ማርነርን ለምን ቀድመው አልሸጡትም?

እሺ ካላለ መሸጥ ስለማይችሉ። ውሉ ያለ ፈቃዱ ወደየትም እንዳይልኩት ይከለክል ነበር። በመጨረሻ የሄደው በራሱ ምርጫ ወደ ቬጋስ ነው፣ ስምንት ዓመት በ12 ሚሊዮን። ቶሮንቶ በምትኩ ያገኘው ኒኮላ ሯን ብቻ ነው።

የናንተ ችግር ግን ማርነር አልነበረም። በ2024-25 ማቲውስ 13.25፣ ኒላንደር 11.5፣ ታቫረስ 11፣ ማርነር 10.9 ሚሊዮን ይወስዱ ነበር። ደምረው። ከ88 ሚሊዮኑ ከግማሽ በላይ በአራት አጥቂዎች እጅ ነው። ቡድን 23 ሰው ይይዛል፣ ለቀሩት አሥራ ዘጠኙ ምን ተረፈ? ግብ ጠባቂም ተከላካይም በዚያ ፍርፋሪ ነበር የሚፈለገው።

ጥያቄ፦ አንድ ቡድን የሌላውን ተጫዋች ደመወዝ ይከፍላል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው፣ እስከ ግማሽ ድረስ። ራንታነንን ተመልከት። በጥር 2025 ከኮሎራዶ ወደ ካሮላይና ሲሄድ ቺካጎ መሀል ገብቶ የደመወዙን ግማሽ ተሸከመ። ራንታነን ከካሮላይና ጋር ውሉን ለማራዘም ስላልተስማማ ቡድኑ በመጋቢት ወደ ዳላስ ላከው። ዳላስ ስምንት ዓመት በ12 ሚሊዮን ሰጠው። ከዚያ በፕሌይኦፉ፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ ባለው የጥሎ ማለፍ ፍልሚያ፣ ሰባተኛ ጨዋታ ላይ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሦስት ግብ አግብቶ የድሮ ቡድኑን ኮሎራዶን አሰናበተ። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጥያቄ፦ ታምፓ በ2021 አጭበርብሯል?

አላጭበረበረም፣ ሕጉ ቀዳዳ ነበረው። ኩቸሮቭ የዳሌ ቀዶ ጥገና አድርጎ መደበኛውን ውድድር ሙሉ ቀረ፣ በተረፈው የጣሪያ ቦታ ሌሎች ገቡ። በፕሌይኦፍ ጣሪያ ስላልነበረ ሲመለስ ሁሉም አብረው ተጫወቱ፣ ዋንጫውንም ወሰዱ። ከ2025-26 ጀምሮ በፕሌይኦፍም የሚሰለፉት ተጫዋቾች ጣሪያውን ማለፍ አይችሉም። ዘግይቷል፣ ግን ትክክል ነው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ የድራፍት ተራ ይሻላል ወይስ ያለቀለት ተጫዋች?

ለዋንጫ ቅርብ ከሆንክ ተጫዋቹ። የድራፍት ተራ ብዙ ጊዜ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የናንተው ዋሽንግተን በ2024 ቺክረንን ያመጣው አንጋፋውን ጄንሰንንና አንድ የሦስተኛ ዙር ተራ ሰጥቶ ነው። በመጀመሪያ ዓመቱ 20 ግብ አገባ፣ ተከላካይ ሆኖ! ቤቱን ገና እየሠራ ያለ ቡድን ግን ተራውን ይያዝ። ርካሽ ወጣት በጣሪያ ሊግ ውስጥ ወርቅ ነው፣ የሚሰጥህ ከሚወስደው ይበልጣልና።

ጥያቄ፦ የዝውውር ወሬ ስሰማ እውነቱን በምን ልለይ?

መጀመሪያ ውሉን እይ። ተጫዋቹ የመከልከል መብት ካለው ወሬው የሱ ፈቃድ ነው እንጂ የቡድኑ አይደለም። ቀጥሎ ተቀባዩ ቦታ አለው ወይ በል። ከሌለው ማን ይወጣለታል? የሚወጣውን ሰው ስም ያልጠራ ወሬ ግማሽ ወሬ ነው። አሁን ደግሞ ጣሪያው በፍጥነት እያደገ ስለሆነ ብዙ ቡድን ቦታ አለው፣ ስለዚህ በገንዘብ ችግር ብቻ ኮከቡን የሚለቅ እየጠፋ ነው። ድሮ ቺካጎ በ2010 ዋንጫውን በወሰደ ማግስት ባይፉግሊንን፣ ላድንና ቨርስቲግን ለጣሪያው ሲል በትኗል። ዛሬ ኮከብ ከተለወጠ ራሱ መሄድ ፈልጎ ነው ብለህ ጀምር።

ጥያቄ (ከካልጋሪ)፦ የትካቸክን ልውውጥ ተሸወድን?

በልውውጡ ቀን አልተሸወዳችሁም ወንድሜ። በ2022 ትካቸክ ካልጋሪ አልቆይም አለ፣ ወደ ፍሎሪዳ ተላከ። በምትኩ 115 ነጥብ የነበረው ሁበርዶ፣ ዊገር፣ ሽዊንትና አንድ የአንደኛ ዙር ተራ መጡ። እንደዚያ ለተጣበበ ቡድን ትልቅ ነገር ነው። የጎዳችሁ ከዚያ የመጣው ነው። ሁበርዶ ለካልጋሪ አንድ ጨዋታ ሳይጫወት ስምንት ዓመት በ10.5 ሚሊዮን ተሰጠው፣ በሕይወቱ ምርጥ ዓመት ዋጋ። በቀጣዩ ውድድር 55 ነጥብ አመጣ። ፍሎሪዳ ደግሞ ትካቸክን በ9.5 ሚሊዮን ይዞ፣ ካሮላይና የለቀቀውን ፎርስሊንግን በነጻ አንስቶ፣ ከናንተው የወሰደውን ቤኔትን ጨምሮ ሁለት ዋንጫ አነሳ። የሁበርዶ ውል እስከ 2031 ነው። አንድ ዓመት ጠብቀው ቢያዩት ኖሮ ዛሬ ይህን ጥያቄ አትጠይቀኝም ነበር።