ሞርኒንግ ግሎሪ አልበቅል ላላት እህት

«ሐምሌ ላይ ሞርኒንግ ግሎሪ የሚባለውን ሐረጋም አበባ ዘርቼ አንድም አልበቀለ፣ የቆርቆሮ አጥሬን ላለብሰው ነበር» ላልሽው እህቴ፣ እኔም ለገጣፎ አካባቢ ነኝ። አጥሬ ቆርቆሮ፣ አፈሬ መረሬ። ያንቺም ከዚህ አይርቅም መቼም።

1. ሐምሌ አይሆንም። አፈሩ ወደ 20 ዲግሪ ሞቅ ካላለ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ይበሰብሳል። የካቲት መጨረሻ ላይ ውርጩ ሲለቅ ዝሪው። መደቡን ከፍ አድርጊው፣ መረሬ ውሃ ይቋጥራል።

2. የዘሩ ቅርፊት ውሃ አያስገባም። በጥፍር ሞረድ ጎኑን ፋቅ ፋቅ አድርጊና ማታ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፊው። ጠዋት ያበጠውን ብቻ ቅበሪ፣ ያላበጠውን ደግመሽ ፋቂ። 1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል። በላስቲክ አፍልቼ አዛውራለሁ እንዳትዪ፣ ሥሩ መነካካት አይወድም። እዚያው አጥሩ ሥር።

3. ፍግ። እዚህ ላይ ደሜ ይፈላል። አንድ ችግኝ ሻጭ «ጋሼ፣ ፍግ ካልጠገበ አያብብም» ብሎ በኬሻ በኬሻ ሸጠልኝ። የባጃጁን ሳልቆጥር ፍጉ ብቻ ከዘሩ በብዙ እጥፍ በለጠ። ሐረጉማ ጉድ ነው! አጥሩን ጨርሶ የጎረቤቴን ልብስ ማስጫ ገመድ ያዘ፣ ሴትዮዋም በየቀኑ ትጨቃጨቀኛለች። አበባ ግን የለም። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሲሆን የእኔ አጥር ቅጠል ብቻ። ሄጄ ብነግረው ሰው ፊት «ቅጠሉስ ምን አለው፣ ያምራል እኮ» ብሎኝ ዞር አለ። ይቅርታ እንኳን የለም! ናይትሮጅን ሲበዛ ተክሉ ወደ ቅጠል እንደሚያደላ እዚያው ችግኝ መሀል የሚውል ሰው ያጣዋል? በሚቀጥለው ዓመት ፍግ የሚባል ሳላሳየው፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚያገኘው ጥግ ላይ ዘራሁት። ሰማያዊ በሰማያዊ ሆነ። ያቺው ጎረቤቴ አሁን ዘር ስጠኝ ትላለች። ሰጠኋት፣ ምን አደርጋለሁ።

ሲባጎውን ረስቼ። ሐረጉ የሚወጣው እየተጠመጠመ ስለሆነ ልሙጥ ቆርቆሮ መያዝ አይችልም። ከላይ እስከ ታች ሲባጎ ወጥሪለት።

ደግሞ አበባው ጠዋት ፈክቶ ወደ እኩለ ቀን ይከደናል። እንደኔ በሌሊት የታክሲ ሰልፍ ይዘሽ ማታ የምትገቢ ከሆነ ቅዳሜና እሁድን ጠብቂ።

ልጆች ካሉሽ ዘሩን ደብቂ፣ መርዛማ ነው። የደረቀውንም ፍሬ ሳይፈነዳ ልቀሚው፣ አለዚያ በዓመቱ ጎመንሽ መሀል ሁሉ ታገኚዋለሽ።