ሰርጉን ያፈረሰ ሙሽራ እንዴት ይተወናል?

ጥያቄ፦ የተማሪዎች የቴአትር ክበብ ነን፤ የሼክስፒርን «ማች አዱ አባውት ነቲንግ» እየተለማመድን ነው። ክላውዲዮ ሙሽራዋን ሄሮን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካዋረዳት በኋላ ተመልካች ዓይንህን ለአፈር ይለዋል፤ መጨረሻ ላይ ሲያገባት ደስ የሚለው የለም። በድርሰቱ በወሬ ብቻ የሚነገረውን የመስኮቱን ማታለያ፣ ሄሮ ሌሊት በመስኮት ከሌላ ወንድ ጋር የታየች ያስመሰሉበትን፣ መድረክ ላይ ብናሳይ ይሻል ይሆን?

መልስ፦ ባታሳዩት ይሻላል። የ1993ቱ የኬኔት ብራና ፊልም አሳይቶታል፤ ለካሜራ ይመቻል። መድረክ ላይ ግን ተመልካቹ የሄሮን ደንገጡር ማርጋሬትን ሄሮ መስላ ካያት «እኔም ብሆን እታለል ነበር» ይልና ክላውዲዮን በነጻ ያሰናብተዋል። ገቢር 3 ትዕይንት 2ን ደግማችሁ አንብቡ። የልዑል ዶን ፔድሮ ወንድም፣ ተንኮለኛው ዶን ጆን «ሄሮ ከዳችህ» ሲለው፣ ክላውዲዮ ገና ምንም ሳያይ፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ካየሁ ነገ በምንጋባበት ጉባኤ ፊት አዋርዳታለሁ ይላል። ጥፋቱ መታለሉ አይደለም፤ ከማስረጃው በፊት ቅጣቱን መቁረጡ ነው። ተዋናያችሁ ይህን ዛቻ አይጩኸው። ቀስ ብሎ፣ ዶን ፔድሮን እያየ ይናገረው፤ ከሄሮ ይልቅ የሚያስጨንቀው በወንዶቹ ዘንድ መሳቂያ መሆን ነውና። ዶን ፔድሮም ወዲያው «አብሬህ አዋርዳታለሁ» ብሎ ይቀበለዋል።

የገቢር 2ን የጭምብል ጭፈራ ሰዓት ለመቆጠብ ብላችሁ እንዳትቆርጡት። እዚያ ዶን ፔድሮ ሄሮን ለክላውዲዮ ሊጠይቅለት ይሄዳል፤ ያው ዶን ጆን ግን «ልዑሉ ሄሮን ለራሱ ነው የጠየቃት» ሲለው ክላውዲዮ ሳያጣራ ያምናል። ይህ ከወጣ የሰርጉ ቀን ውርደት ዱብ ዕዳ ይሆናል።

በሰርጉ ትዕይንት የገዛ አባቷ ሊዮናቶ ሳይቀር ሁለት መሳፍንት ይዋሻሉ ወይ ብሎ ሞቷን ይመኛል። ንጹሕ መሆኗን የሚናገሩት አባ ፍራንሲስ ናቸው፤ እሳቸውም ዝም ብለው ፊቷን ሲያዩ ስለቆዩ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ፊቷ በሚታያቸው ቦታ አቁሟቸው፤ ከጀርባዋ ከቆሙ ንግግራቸው ውሸት ይሆናል።

ለመጨረሻው ጋብቻ ያላችሁ መሣሪያ ገቢር 5 ትዕይንት 3፣ የመቃብሩ ሌሊት ነው፤ ክላውዲዮ ሄሮ የሞተች መስሎት መቃብሯ ላይ ያዝናል። አጭር ስለሆነ ለጥድፊያ ይጋለጣል። የመቃብሩን ጽሑፍ ክላውዲዮ ራሱ ያንብበው። ሄሮን ጥግ ላይ ደብቃችሁ ጸጸቱን እንድታይ ብታደርጉም ያስኬዳል፤ ድርሰቱ ውስጥ የለም፣ ግን በማግስቱ እጇን የምትሰጠው አይታ ይሆናል። ያም ሆኖ ቅሬታው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ እንዲጠፋም አትታገሉ።

ጥያቄ፦ የሄሮን የአጎት ልጅ ቢያትሪስን እጫወታለሁ። የክላውዲዮን ጓደኛ ቤኔዲክን «ክላውዲዮን ግደለው» ስለው አዳራሹ ይስቃል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይህ ቃል ስንቷን ቢያትሪስ ፈትኗል። እስከዚያ ድረስ ሁለታችሁ አፍ በከፈታችሁ ቁጥር ስቀናል፤ በዚያ ላይ ፍቅራችሁን ገና መግለጻችሁ ነው። ትዕይንቱ ሲጀምር እያለቀስሽ መሆንሽን አትርሺ፤ እንባው ሳይደርቅ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ተናገሪው። ከዚያ ዋናው ሥራ የቤኔዲክ ነው፦ «ኧረ በጭራሽ!» የሚለውን ቶሎ ከመለሰ ወይም በፈገግታ ካለ ቀልድ ይሆናል። አንድ ትንፋሽ ይቆይ። የድንጋጤ ሳቅ ቢያመልጥ ግድ የለም፤ «ወንድ በሆንኩና ልቡን ገበያ መሃል በበላሁት» የምትይው ላይ ከቀጠለ ግን ቀድሞ የተበላሸ ነገር አለ።

ቤኔዲክ በገቢር 5 ክላውዲዮን ለፍልሚያ ሲጠራ ፈጽሞ አይሳቅ። ዶን ፔድሮና ክላውዲዮ ግን እሱ ትቷቸው እስኪወጣ ድረስ ቀልዳቸውን አያቋርጡ።