መደርደሪያው ልስኑን ይዞ ወረደ

አንዲት አንባቢ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ሳሎን ውስጥ 1.20 ሜትር የሚረዝም የመጽሐፍ ሼልፍ አሰቅዬ ነበር፣ 18 ሚሊ ቺፑድ ነው። መጀመሪያ መሀሉ ረገበ፣ ከዛ አንድ ቀን ማታ የግራው ብራኬት ልስኑን ይዞ ተነቀለ። ወፍራም ብሎን ገዝቼ እዛው ቀዳዳ ላይ ልምታው? ደሞ ብራኬቱ ባይታይ ደስ ይለኛል፣ ሲታይ ያስጠላል።» ፎቶም ልካለች።

እህቴ፣ እንኳን ሰው ላይ አልወረደ። ወፍራም ብሎኑን ግን ተይው። ፎቶው ላይ ፊሸሩን፣ ብሎኑ የሚገባበትን ፕላስቲክ ማለቴ ነው፣ አየሽው? ከነብሎኑ እንዳለ ነው የወጣው፣ ጫፉ እንኳን አልተከፈተም፣ ዙሪያውን የልስን ዱቄት ለብሷል። ብሎኬቱን ጨርሶ አልያዘውም ማለት ነው፣ ሲይዝ የከረመው ልስኑን ብቻ ነው፣ ልስን ደግሞ ቀለም ይሸከማል እንጂ መጽሐፍ አይሸከምም።

ሁለተኛው ጥፋት L ቅርጽ ያለው ብራኬት ተገልብጦ መታሰሩ ነው። ረጅሙ እግር ጣውላው ስር ገብቶ አጭሩ ግድግዳው ላይ ቀርቷል፣ ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚያስረው ምክንያቱም ጣውላውን የሚሸከመው ረጅሙ ይመስለዋል። ግን አስቢው፣ አንድ ሜትር ሙሉ መጽሐፍ 30 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ ያንቺ ሼልፍ ከነጣውላው 40 ኪሎ ቢሆን ነው። ጥልቀቱ 30 ሳንቲም ስለሆነ ክብደቱ ከግድግዳው በአማካይ 15 ሳንቲም ይርቃል። ግድግዳው ላይ ያለው እግር 15 ሳንቲም ከሆነ የላይኞቹ ብሎኖች ወደ ውጭ የሚጎተቱት በ40 ኪሎ አካባቢ ነው፣ 25 ሳንቲም ሲሆን ግን ወደ 24 ይወርዳል። ያው ብራኬት፣ ያው ብሎን፣ መገልበጥ ብቻ!

አሁን አሮጌውን ቀዳዳ በስቱኮ ድፈኚውና ቢያንስ 5 ሳንቲም ፈቀቅ ብለሽ አዲስ ብሺ። ከማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬት ቀጥታ በላይም በታችም ግን እንዳትነኪ፣ ገመዱ ብዙ ጊዜ በዛ ነው የሚሄደው። የድሪሉን የመዶሻ ሞድ አጥፊው፣ በማዞር ብቻ ይግባ፣ አለዚያ ብሎኬቱን ከውስጥ በኩል ይሰብረዋል። ልስኑን አልፎ ትንሽ ጠንከር ካለብሽ በኋላ ድንገት ሸርተት ብሎ ከገባ ባዶ ብሎኬት ነው፣ እዛ ላይ ተራው ፊሸር አያዋጣም፣ ጫፉ ክፍተቱ ውስጥ የሚቋጠረውን ረጅም ዓይነት ግዢ፣ ብሎኑም የፊሸሩን ጫፍ አልፎ የሚወጣ ይሁን ካልሆነ አይቋጠርም። እስከ መጨረሻው ጠንካራ ከሆነ ግን 8 ሚሊ ፊሸር ይበቃል፣ ልስኑን አልፎ እስኪገባ ግፊውና 7 ሳንቲም ብሎን ተጠቀሚ። የድሪሉ ጫፍ ላይ ልኩን በፕላስተር ምልክት አድርጊ፣ በግምት አይሆንም። ውሃ ልክ መጠቀምሽን ደሞ እንዳትረሺ።

ወደ መርገቡ ስንመጣ፣ ቺፑድ ዛሬ ቀጥ ብሎ ቢሸከምም ክብደቱ ካልተነሳለት ቀስ እያለ ይረግባል። ወፍራም ጣውላ ልቀይር እንዳትይ፣ ውፍረቱን እጥፍ ብታደርጊ መርገቡ በ8 እጥፍ ይቀንሳል፣ በብራኬቶቹ መሀል ያለውን ርቀት በግማሽ ብትቀንሺው ግን በ16 እጥፍ ነው፣ ያውም በአንድ ብራኬት ዋጋ። ስለዚህ ሶስት አድርጊው፣ ከሁለቱም ጫፍ 10 10 ሳንቲም ገባ ብለሽ አንድ አንድ፣ ሶስተኛውን መሀል ላይ። ጣውላውን ገልብጪው፣ የጎበጠው ወደ ላይ ይሁን፣ መጽሐፉ ራሱ ያቃናዋል።

ስለ ውበቱ፣ ብራኬት የሌለው ሼልፍ ለፎቶ ፍሬምና ለትንሽ ጌጥ እንጂ ለመጽሐፍ አልመክርም፣ ደንበኛ ሲለምነኝም እምቢ ነው የምለው። ለዚህኛው የማደርገው 4 ሳንቲም ስፋት ያለው ደረቅ እንጨት ፊት ለፊት ጠርዙ ላይ በኮላ መለጠፍ ነው፣ ላዩ ከጣውላው ጋር እኩል ሆኖ ትርፉ ወደ ታች ይውረድ። በሞርሳ አጥብቀሽ አሳድሪው። የቺፑዱን አስቀያሚ ጠርዝ ይሸፍናል፣ የብራኬቱን ጫፍ ይደብቃል፣ ከሩቅ ሲታይ ደሞ ወፍራም ጣውላ ይመስላል፣ ከዛ ሁሉ በላይ እንደ ወጋግራ ሆኖ መሀሉን ይደግፋል። የቀረውን ብራኬት የግድግዳውን ቀለም ቀቢው፣ ትኩር ብሎ ያላየ ሰው አያስተውለውም።

ስትደረድሪ ወፋፍራሞቹን መጽሐፎች ብራኬቶቹ አናት ላይ፣ በመሀላቸው ደሞ ቀለል ያለውን፣ ቅርጫትም ሆነ ትንሽ አበባ። ፎቶው ላይ ያየሁት ትልቁ የሸክላ አበባ ማስቀመጫ ግን ከነአፈሩ መሬት ይውረድ፣ ውሃ ስታጠጪው እኮ ጭራሽ ይከብዳል፣ ያ ቺፑድ ደግሞ ውሃ ከነካው አብጦ ነው የሚቀረው።